ሦስት በረዶ ፒዛና የዘነበች ሻይ ቤት

ባለፈው ሰሞን ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ካለ አንድ ሱፐርማርኬት ሳሙና ልገዛ ገብቼ፣ ሁለት ወጣቶች የማቀዝቀዣውን በር ከፍተው፣ ብርዱን ለቤቱ ሁሉ እየበተኑ፣ «የትኛው ፒዛ ይሻላል» ብለው ሲከራከሩ ደረስኩ። አንዱ ባለ አይቡን ይዟል፣ ሌላው ባለ ሥጋውን። ቆሜ ሰማኋቸው፤ ጡረተኛ ሥራው ይኸው ነው። ስለ አይቡ መሳሳብ አወሩ፣ ስለ ቲማቲሙ አወሩ፣ በመጨረሻ አንደኛው፣ «የዚህኛው ቂጣ እኮ ካርቶን ካርቶን ይላል» አለ።

ይኼኔ አላስቻለኝም። «ልጄ፣ ለመሆኑ ካርቶን ቀምሰህ ታውቃለህ?» አልኩት።

ሽማግሌ ሊያብድ ሲል እንደሚታየው አይተውኝ፣ ማቀዝቀዣውን ዘግተው ሄዱ።

እኔ ቀምሻለሁ። ቀምሼም በሕዝብ ፊት መስክሬለታለሁ። ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው፤ ዳቦ በወረፋ፣ ስኳር በቀበሌ፣ ጭብጨባ ደግሞ በነፃ በሚገኝበት ዘመን። ያኔ በእኛ ሰፈር ፒዛ የሚባለውን ነገር ስሙን እንጂ መልኩን የሚያውቅ አልነበረም። ፒያሳ ወጥቶ ያየ ያወራል፣ ያላየው ይሰማል፣ የሰማው ደግሞ ካየው አብልጦ ያወራል።

መካኒሳ አቦ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል ሲወረድ፣ የቆርቆሮ በር ያላት አንዲት ሻይ ቤት ነበረች። ክፍሏ የቀበሌ፣ ሙያው የወይዘሮ ዘነበች። ዘነበች ባሏ የሞተባት የቡታጅራ ሰው ናት፤ እጇ ፈጣን፣ ምላሷ ከእጇ የፈጠነ። እኔ በዚያ ሰፈር ያለ አንድ ፋብሪካ ዘበኛ ነበርኩ። በየጠዋቱ ወደ ሥራ ስሄድ እገባለሁ፣ ሻይዋን እጠጣለሁ፣ ጠጥቼም እሰድባለሁ።

«ዘነበች፣ ይኼ ውኃ ቅጠሉን በሩቁ ነው እንዴ የተሳለመው?»

«ታዲያ ለምን ትመጣለህ?»

«ሌላው ቤት የባሰ ነው።»

«እንግዲያ ሂድና የባሰውን ጠጥተህ ስታበቃ መጥተህ አመስግነኝ።»

እንዲህ እየተባባልን ብዙ ክረምት አለፈ። እኔ መራራ ሰው ነኝ፤ አልክድም። በልጅነቴ ትምህርት ቤት በር አልደረስኩም፤ ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ሽበት ሊያወጣ ሲል በመሠረተ ትምህርት ነው። የሚያቆለጳጵስ ሰው አጠገቤ ሲቀመጥ አግዳሚው ይቆረቁረኛል። «እንዴት አደርክ» የሚለኝን ሰው እንዴት እንዳደርኩ እነግረዋለሁ። በዚህ ጠባዬ ሠርግ ላይ አልጠራም። ለቅሶ ላይ ግን እጠራለሁ፤ እዚያ መራራ ሰው ያስፈልጋል። ያቺን ሻይ ቤት ግን እወዳት ነበር። ሻይ ቤቲቱን ነው ያልኩት፤ አትቸኩሉ።

አንድ ሐሙስ ጠዋት እንደ ልማዴ ልሰድብ አፌን ስከፍት፣ ዘነበች ጀርባዋን ሰጥታ ብርጭቆ ታጥባለች። የታጠበውን መልሳ ታጥባለች።

«ምን ሆነሻል?»

«ቤቱን ሊወስዱት ነው» አለች ሳትዞር። «የኅብረት ሱቁ መጋዘን ጠቦታል አሉ። ቅዳሜ ከሰዓት ኮሚቴው መጥቶ ያያል። ሻይና ቦምቦሊኖ ብቻ የሚሸጥ ቤት ለሰፊው ሕዝብ ምን አዲስ አገልግሎት ይሰጣል ተብሏል። መልስ ካጣሁ እዚህ ሳሙና ይከመርበታል፤ እኔም ወንድሜ ዘንድ ቡታጅራ እገባለሁ።»

ሻዬን ተጎነጨሁ። የዚያን ዕለት ምንም ጣዕም አልነበረውም፤ ስድብ እንኳ አይችልም ነበር።

«ቡታጅራ ሩቅ ነው» አልኩ።

«ለማን?»

«ለሻይ።»

ይህን ጊዜ ጥግ ተቀምጦ ቦምቦሊኖ ሲያላምጥ የነበረው ተስፉ ጉሮሮውን ጠረገ። ተስፉ ሳር ቤት አካባቢ ለአንድ ፈረንጅ ይሠራል። «ወጥ ቤት ነኝ» ይላል። እርግጡን ልንገራችሁና አትክልተኛ ነው፤ አትክልቱ የበቀለው በወጥ ቤቱ መስኮት ሥር ስለሆነ ሙያውን የተማረው በመስኮት ነው።

«እትዬ ዘነበች» አለ፣ «ጌታው አገሩ ሊገባ ዕቃውን እየሸከፈ ነው። ማቀዝቀዣው ውስጥ፣ ለውጭ ሰው ብቻ ከሚሸጠው ሱቅ የገዛው ፒዛ አለ። ሦስት ዓይነት። ውሰደው ብሎኛል። በረዶ ነው፣ እሳት ብቻ ነው የሚፈልገው።»

«ፒዛ በረዶ ይሆናል እንዴ?»

«የፈረንጅ ነገር እንዲህ ነው። መጀመሪያ በረዶ ነው፣ ኋላ ይሞቃል።»

ዘነበች ብርጭቆውን አስቀመጠች። ሐሳብ ሲመጣላት ቅንድቧ አንደኛው ብቻ ይነሣል፤ ያን ቀን ሁለቱም ተነሡ። «ሦስቱንም አቀርባለሁ» አለች። «አወዳድረው ይምረጡ። የመረጡትን አይቼ፣ ቀምሼ፣ በየሳምንቱ ራሴ እሠራዋለሁ። ኮሚቴ ራሱ የመረጠውን ምግብ ከራሱ አፍ አይነጥቅም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አንተም ትቀምሳለህ።»

«እኔ ምን ቤት ነኝ?»

«ውሸት አትችልም። እነሱ ለይሉኝታም ለፖለቲካም ጥሩ ነው ሊሉ ይችላሉ። እውነቱን የማየው ካንተ ፊት ነው።»

በዕድሜዬ ያገኘሁት ትልቁ ሹመት እሱ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ተስፉ የጌታውን ዕቃ ሲያሥር ስለሚያረፍድ፣ ፒዛዎቹን የማምጣቱ ሥራ በእኔ ላይ ወደቀ። ሳር ቤት ሄጄ ሦስቱን ካርቶን ተቀብዬ ከካፖርቴ ሥር ከሆዴ ጋር አጣብቄ ያዝኩ። አውቶቡሱ ሰው በሰው ላይ ተጭኖ ስላለፈ በእግሬ ቁልቁል ወረድኩ። መጀመሪያ ሆዴ ደነዘዘ። ቀጥሎ በረዶው ይቀልጥ ጀመር። ውኃው በሱሪዬ ሁለት እግር ሲወርድ ያዩ ሴቶች ፊታቸውን አዞሩ፤ አንዷ ደግሞ አዝና፣ «እግዜር ይማርህ፣ አባቴ» ብላ አለፈች። አሜን አልኩ። ምን ልበል?

ድልድዩ ጋ ስደርስ የአብዮት ጥበቃ ፍተሻ ነበር።

«ሆድህ ላይ ያለው ምንድን ነው?» አለ አንደኛው ጠባቂ።

«ምግብ።»

«ከውስጥ ነው ከውጭ?»

«ከውጭ።»

«አውጣው።»

አወጣሁ። አንዱን ከፍቶ በጣቱ ቢያንኳኳው ቋ ቋ አለ። ክብ፣ ጠፍጣፋ፣ ከባድ፣ ቀዝቃዛ። ባልደረባውን ጠራው። ባልደረባው ጦር ሜዳ የነበረ ሰው ነው፤ አንዴ አይቶ ወደ ኋላ አፈገፈገና፣ «እንዲህ ያለውን መሬት ውስጥ ነው የሚቀብሩት» አለ።

«ዳቦ ነው» አልኩ።

«ዳቦ ቋ ቋ ይላል?»

«የቀበሌያችን ዳቦስ ምን ይላል?»

ሁለቱ ተያዩ። ልክ መሆኔን ሁለቱም ያውቃሉ። ግን ልክ መሆን ማንንም ከኬላ አሳልፎ አያውቅም።

«እንግዲያው ብላው» አለኝ ጦር ሜዳ የነበረው።

ላስቲኩን ከጠርዙ ገለጥ አድርጌ ነከስኩት። ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። ፒዛው ምንም አልሆነም። የፊት ጥርሴ ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ማጠፊያው እንደ ላላ በር ወዲያና ወዲህ ይል ገባ።

«ፈንጂ ቢሆን እስካሁን ይሰማን ነበር» አለ ሰውዬው። «እለፍ።»

ፍተሻው አዘግይቶኝ ኖሮ፣ ሻይ ቤቱ ስደርስ ተስፉ ሥራውን ጨርሶ ቀድሞኝ ደርሷል፤ ወገቡ ላይ ነጭ ሽርጥ አስሯል። ካርቶኖቹን ጠረጴዛ ላይ ደረደርናቸው። በላያቸው ጽሑፍ በጽሑፍ ነው።

«አንብብልን» አለኝ ተስፉ። «የምስክር ወረቀት የተቀበልከው አንተ አይደለህ?»

«እኔ የተማርኩት ሀሁ ነው። ይኼ ሀሁ አይደለም።»

«ትንሽ እንኳ ምንም አይልህም?»

«ምንም አይለኝም። እኔም ምንም አልለውም።»

«ግድ የለም፤ በመስኮት ስንቴ አይቼዋለሁ። ላስቲኩን ትልጣለህ፣ እሳት ውስጥ ትከተዋለህ።»

ላስቲኩን ላጥን። አንዱ ቲማቲምና አይብ ብቻ ነው። ሁለተኛው እንጉዳይ አለበት። ሦስተኛው ክብ ክብ ቀይ ሥጋ ተነስንሶበታል፤ ከሥሩ ደግሞ ሌላ ነጣ ያለ ክብ ነገር አለ፣ በበረዶ ተጣብቆ አንድ አካል ሆኗል።

ዘነበች ገለበጠችው። «ይኼኛው ሥር ምን አለው?»

ተስፉ አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ እንደ ሐኪም አየው። «ድርብ ቂጣ ነው» አለ። «ሁለቱ ለዘወትር ናቸው። ይኼ ለእንግዳ የሚቀርበው ነው።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«እትዬ፣ እኔ እኮ ወጥ ቤት ነኝ።»

ስለማላውቀው ነገር ዝም ያልኩበት ቀን ጥቂት ነው፤ አንዱ ይኸው ነበር፣ መዘዙንም አሁን ታዩታላችሁ።

ምድጃ ያለው ዳቦ ቤቱ ብቻ ስለሆነ ተሸክመን ሄድን። በሩ ላይ የዳቦ ወረፋ እባብ ሠርቷል። «እኛ ዳቦ ፍለጋ ቆመን አንተ ዳቦ ይዘህ ትቀድመናለህ?» አለች አንዷ። የዘነበች ቤት ሊወሰድ መሆኑን ስትሰማ ግን መንገድ አስለቀቀችልን፤ ለካ እሷም ሻዩን ትጠጣለች፣ እሷም ትሰድባለች። ጋጋሪው በረጅሙ መቅዘፊያ ሦስቱንም ወደ እሳቱ ገፋቸው። ጥቂት ቆይቶ አፍንጫውን አጠበበ።

«ሰዎች፣ የአንደኛው ጠርዝ ይጨሳል። ወረቀት ወረቀትም ይሸታል።»

«የፈረንጅ ዱቄት ነው» አለ ተስፉ።

ከሰዓት በኋላ ኮሚቴው መጣ። ሊቀመንበሩ ረጅም፣ ቀጭን፣ «ሰላም» ለማለት እንኳ መግቢያና መደምደሚያ የሚያበጅ ሰው ነው። ከእሱ ጋር የሴቶች ማኅበር ተጠሪዋ ወይዘሮ አስካለና የሰፈሩ ባለ ሱቅ ሽማግሌው አቶ ሽፋ አሉ። አስካለና ሽፋ በቀበሌው ስብሰባ በምንም ነገር ተስማምተው አያውቁም፤ እሷ ቧንቧው ወደ ላይ ካለች እሱ ወደ ታች ነው። ሽታው የጠራው ሰው ደግሞ መስኮቱን ሞላው። ያን ጊዜ ለማየት ወረፋ አያስፈልግም ነበር።

ባለ አይቡ ቀረበ። አቶ ሽፋ ጎረሱና ቁራጩን ከአፋቸው ሲያርቁ አይቡ ተከተላቸው። እጃቸውን ዘረጉ፤ አይቡም ተዘረጋ። ተነሥተው ቆሙ፤ አይቡም አብሮ ቆመ። በመጨረሻ አስካለ በቢላ ቆርጣ ገላገለቻቸው።

«ይኼ ነው» አሉ ሽፋ ጢማቸውን እየጠረጉ። «አይብ ነው፣ ቲማቲም ነው፣ አለቀ። ነገር የለበትም። ሰው ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?»

ባለ እንጉዳዩ ቀረበ። አስካለ አየችው። «ይኼ የጅብ ጥላ አይደለም እንዴ?» አለችና ፈራ ተባ እያለች ቀመሰች። አላመጠች። ደገመች። «አገሬ ክረምት ሲሆን ከጫካ የምንለቅመው ነው እኮ» አለች። ፊቷ በራ። «ከአይቡ ይኼ ይበልጣል። አይቡ ማስቲካ ነው።»

«የጅብ ጥላ ለጅብ ነው» አሉ ሽፋ።

«አይቡ አብሮ የቆመብዎት እርስዎ አይደሉም?»

መስኮቱም ለሁለት ተከፈለ። ያልቀመሱት ሰዎች ከቀመሱት ብሰው ተከራከሩ፤ አንዱ ባለ አይብ፣ አንዱ ባለ እንጉዳይ ሆነ። ዘነበች በደስታ እጇን በሽርጧ ትጠርጋለች። ሰዎች በሚከራከሩበት ቤት ሳሙና አይከመርም።

ከዚያ ሦስተኛው መጣ፤ ጠርዙ ጠቁሮ፣ ቀዩ ሥጋ እየተንቸፈቸፈ። የሽፋ እጅ መንገድ ላይ ቆመ። የአስካለም እጅ መንገድ ላይ ቆመ።

«ማን ባረከው?» አሉ ሁለቱም እኩል።

ሽፋና አስካለ ሲስማሙ የታዩት ያን ቀን ነው።

«የበሬ ነው» አለ ተስፉ።

«በሬነቱን አልጠየቅንህም» አለች አስካለ። «ማን ባረከው ነው ያልነው።»

«ፋብሪካ» አለ ተስፉ።

ሁለቱም እጃቸውን ሰበሰቡ። ሊቀመንበሩ ይህን ሲያይ ተነሣ። «ጓዶች፣ ሃይማኖት የግል ጉዳይ ነው። ኮሚቴ ግን ሥራውን በጎዶሎ አይሠራም» ብሎ ትልቁን ቁራጭ አነሣና ነከሰ።

አልተቆረጠም። ሳበ። አንገቱ ላይ ሥሩ ተገተረ። በስንት ትግል ተቆረጠለትና ማላመጥ ጀመረ። ሁላችንም አገጩን እናያለን፤ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ወደ ጎን ይሄዳል። ሲያላምጥ ንግግር የሚያደርግ ይመስል ነበር፤ የንግግሩንም ያህል ቆየ። ዋጠ። ዓይኑ እንባ ሞላ። ሕዝብ ከመስኮት እያየው ነው። ተናግሮ ተነሥቷል፤ መመለሻ የለውም።

«ይኼ» አለ፣ «ጥንካሬ አለው። ሌሎቹ ልፍስፍሶች ናቸው። ይኼ ግን መሠረት ያለው ምግብ ነው።»

«እኛ ሳንቀምስ ይበልጣል አንልም» አለች አስካለ። «አንድ ድምፅ ነው።»

«ምስክር ይምጣ» አሉ ሽፋ።

ሊቀመንበሩ ዙሪያውን አይቶ እኔ ላይ ቆመ። «ይኼ ዘበኛ ይቅመስ። ይህን ሰው ሲዋሽ የሰማው የለም። ባለፈው ስብሰባ ንግግርህ ያስተኛል ብሎኛል። ጥሩ ነው ካለ ጥሩ ነው፤ ቤቱም ይቀጥላል። አይረባም ካለ፣ ለሕዝብ የማይረባ ምግብ የሚያቀርብ ቤት ይዘጋል።»

ለቀልድ ይሁን ለቁም ነገር አላወቅንም። በዚያ ዘመን የሊቀመንበር ቀልድና ቁም ነገር ፊታቸው አንድ ነበር።

ዘነበች ቁራጭ ወሰደች። ልትጠቀልለው ሞከረች፤ እምቢ አላት። እንዳለ አንሥታ ወደ አፌ አመጣችው። እነዚያ ሁሉ ዓመታት አንዴም አጉርሳኝ አታውቅም ነበር። የባረከው ፋብሪካ መሆኑ ትዝ አለኝ፤ በልቤ አማትቤ አፌን ከፈትኩ።

ላዩ ደህና ነው። ጨው፣ ሥጋ፣ ቲማቲም። ከሥሩ ሌላ ጣዕም መጣ። ይህን ጣዕም አውቀዋለሁ አልኩ። የት ነው የማውቀው? አላመጥኩ። ጥርሴ ተወዛወዘ። ያን ጊዜ ሽታው ነገረኝ፤ በፋብሪካው በር ብርድ ሲጠናብኝ አንጥፌ የምቀመጥበት ነገር ነው። ካርቶን ነው። ሊቀመንበሩ በሕዝብ ፊት ካርቶን በልቶ መሠረት አለው ብሏል።

ቀና ስል ዘነበች ፊቴን ታያለች። እውነቱን ከፊቴ ልታነብ ነው ያመጣችኝ። አፌ ውስጥ ካርቶንና እውነት አብረው ተቀምጠዋል፤ አንዱን መዋጥ ነበረብኝ። ሁለቱንም ዋጥኳቸው። ጥርሴም ሳላስበው አብሯቸው ሄደ።

«ሦስተኛው ይበልጣል» አልኩ።

«ይኼ ሰውዬ ካለማ» አሉ ሽፋ እጃቸውን ዘርግተው፣ «ምን ቀረ?»

ውሳኔው እዚያው ተነገረ፦ ቤቱ አገልግሎቱን ይቀጥላል፤ ሦስተኛው ዓይነት ፒዛም በየሳምንቱ ቅዳሜ ለሕዝብ ይቀርባል። ተጨበጨበ። ተስፉ ጭብጨባው ለሱ መስሎት እጅ ነሣ።

ሰዉ ሲበተን ዘነበች በሩን ገርበብ አድርጋ ከሦስተኛው የተረፈውን ገለበጠችው። በቀዘቀዘ ጊዜ ክቡ ነገር ተላቆ በእጇ ቀረ። ከሥሩ ጥቃቅን የፈረንጅ ፊደል ታትሞበታል። እኔ ባልማርም ኖሮ ቂጣ ላይ እንደማይጻፍ አውቅ ነበር።

«ካርቶን ነው አይደል?» አለች።

«ነው።»

«መቼ አወቅክ?»

«ሳላምጠው።»

«ጥርስህስ?»

«ወረደ።»

አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ አለቀሰች ብዬ ደነገጥኩ፤ ለካ እየሳቀች ነው። ሳቀች፣ ሳቀች፣ ሽርጧን አፏ ላይ ይዛ ሳቀች። «ሻዬን ውኃ ነው የምትል ሰውዬ» አለች ትንፋሿን እየሰበሰበች፣ «ካርቶን ይጣፍጣል አልክ።»

«ይጣፍጣል አላልኩም። ይበልጣል ነው ያልኩት።»

«ቡታጅራ ሩቅ ነው ያልከው ግን፣ እውነት ለሻይ ነው?»

«አይደለም።»

የተነጋገርነው ይህንኑ ነው፤ ከዚያ በኋላም በጉዳዩ ላይ ብዙ አላወራንም። ከባለ አይቡ የተረፈች ቁራጭ ነበረች፤ እሷን ጠቅልላ ወደ አፌ አመጣቻት። «ያንዱን ጉርሻ ነገር ታውቃለህ» አለች፤ «አንድ ጉርሻ ያጣላል።» አፌን ከፈትኩ። አይቡ ከጣቷ እስከ ከንፈሬ ተዘረጋ፣ አልበጠስ አለ፣ ሁለታችንም ልንቆርጠው አልቸኮልንም።

ከፋሲካ በኋላ ሠርግ ላይ ተጠራሁ። ሙሽራው እኔ ስለ ነበርኩ ሊያስቀሩኝ አልቻሉም።

ዘነበች በውሳኔው መሠረት በየቅዳሜው ፒዛ ትጋግር ገባች። ሥጋው ነገር ስላመጣ በቃሪያ ተካችው፤ አስካለም ሽፋም ይበሉታል፣ ስለ ቃሪያው ብዛት ብቻ ይጣላሉ። ለሊቀመንበሩ ግን ለብቻው ትሠራለታለች። ሊጡን ታጠነክረዋለች፣ ሁለቴ ታስጋግረዋለች፣ አሳድራ ታቀርብለታለች። እሱም ይነክሳል፣ ይስባል፣ አገጩ ያን የማውቀውን ሥራ ይሠራል። ከዚያ ራሱን ይነቀንቃል።

«ጥሩ ነው» ይላል። «ግን እንደዚያን ቀኑ አይሆንም። የሆነ ነገር ጎድሎታል። አንተ እውነት የምትናገር ሰው፣ ምን ይመስልሃል?»

ጥግ የተከመረውን ባዶ የሳሙና ካርቶን አያለሁ። ዘነበች ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ትረግጣለች።

«ጨው ይሆናል፣ ጓድ» እላለሁ።